ጥርኝ የተከለው ዘንባባ

በሊንካዋ መንደር የአልቼ ሩማጊትን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ከገደሉ ማዶ ሆና ስትጣራ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቀድማ ትሰማለች። ስትስቅ የጎረቤት ዶሮ ይበተናል፤ ስትቆጣ ደግሞ ዶሮውም ጎረቤቱም አንድ ላይ ይበተናሉ። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ከክርኗ እስከ እጅ አንጓዋ የፈላ ስኳር እየተፈናጠረ ያቃጠላት ጠባሳ ተንጠባጥቧል። ስለ ጠባሳው የሚጠይቃትን ሰው «ጌጤ ነው፤ ምነው ቀናህ?» ትለዋለች።

ባሏ ዮፒ ዘንባባ ወጪ ነበር። ጠዋትና ማታ በቀርከሃ መሰላሉ እየወጣ፣ አበባውን የተሸከመውን ወፍራም የዘንባባ ክንድ ጫፉን በስሱ እየላጠ፣ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ በቀርከሃ ቱቦ ይዞ ይወርዳል። አልቼ ትቀበለውና በትልቁ የብረት ድስት አፍልታ፣ አማስላ፣ ሲወፍር በተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት ውስጥ እያፈሰሰች ቡናማ ስኳር ታደርገዋለች። ከተቀዳው ትንሽ ቀንሰው የሚያስቀሩት ደግሞ እስኪመሽ ይብላላና ሳጉዌር የሚሉት መጠጥ ይሆናል፤ እሱን አሟጥጠው የሚጨርሱት ዮፒና ጓደኞቹ ናቸው። እሱ ያወርዳል፣ እሷ ታበስላለች፤ ትዳራቸው እንዲህ ሆኖ ኖረ። ሲጣሉ እንኳ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነው ስለሆነ መንደሩ በሙሉ አብሮ ይሰማል፣ አልፎ አልፎም ይፈርዳል።

ከዚያ ዮፒ ወደቀ። ዝናብ ያደረበት ማለዳ ነበር፤ መሰላሉ ተንሸራተተና ከነቱቦው መሬት መጣ። ነፍሱ ተረፈች፣ ዳሌው ግን እንደነበረ አልሆነም። ከከተማው ሆስፒታል በምርኩዝ ሲመለስ «ከእንግዲህ ደረጃ እንኳ ቀስ ብለህ ውጣ» ተብሎ ነበር። ዮፒ ይህን ለአልቼ ሲነግራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው።

ክፋቱ ደግሞ ጊዜው ነበር። ዘንባባ ዕድሜ ልኩን አይታለብም። ክንዱን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች አንድ በአንድ ያወጣል፤ የታችኛው ክንድ ሲደርቅ ዛፉም አብሮ ያበቃለታል። የዮፒ አሮጌ ዘንባባዎች ሁሉ ጨርሰው ግንዳቸው ብቻ ቆሞ ነበር። የቀረችው በገደሉ አፋፍ ላይ ያለች አንዲት ወጣት ዘንባባ ናት፤ የመጀመሪያ ክንዷን ገና መዘርጋቷ ነበር። እሷ ከእጃቸው ከወጣች ድስቱ ተደፍቶ ይቀመጣል፣ አልቼና ዮፒም የሰው ቤት ሥራ ፈላጊ ይሆናሉ። ሌላ የሚተማመኑበት ነገር የላቸውም።

ያ የገደሉ ተዳፋት የዘመድ ሁሉ መሬት ነው። ማንም ያልተከለው ዛፍ የማንም አይደለም፤ ሥሩን መንጥሮ የተንከባከበው ሰው ግን ዛፉ እስኪሞት ይዞት ይኖራል። ዘንባባን ደግሞ ማንም አይተክልም። የበሰለው ፍሬ ጭማቂው የነካውን እጅ ቆዳው እስኪላጥ ያሳክካል፤ በሰላም የሚበላው ጥርኝ ብቻ ነው። ይበላና ይሄዳል፣ ዘሩን ከኩሱ ጋር ሌላ ቦታ ይጥላል፣ ዘሩም እዚያው ይበቅላል። የሊንካዋን ሰው «ይህን ዘንባባ ማን ተከለው?» ብትሉት «ጥርኝ» ይላችኋል፤ ሲቀልድባችሁ አይደለም። አንድ ሌላም ደንብ አለ፤ ቤቱ ዛፍ የሚወጣ ሰው ሲያጣ ዛፉ መውጣት ለሚችል ዘመድ ያልፋል።

ዮፒ ከሆስፒታል በተመለሰ ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ፍሬትስ ሊጠይቀው መጣ። በእጁ ሙዝ ይዟል፤ በትከሻው ላይ ግን የዘንባባ መምቻ መዶሻ ነበር። አልቼ ሙዙን ተቀብላ መዶሻውን አየችው።

«ይሄስ? በሽተኛ በመዶሻ ሆነ እንዴ የሚጠየቀው?»

«ዙስ አልቼ ደግሞ!» ፍሬትስ ሳቀ፤ ዙስ በእነሱ አፍ እህት ማለት ነው። «ዘንባባዋ ዝም ብላ እንዳትቀር ብዬ እኮ ነው። ወንድሜ እግሩ እስኪጸና ልያዝላችሁ።»

«እግሩ እስኪጸና ነው ወይስ ዛፏ እስክትሞት?»

«ታዲያ ማን ሊወጣ ነው? ዮፒ በምርኩዙ?»

«እኔ።»

ፍሬትስ ከልቡ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩልና ታይታ ወዳድ ነው እንጂ። «አንቺ? ዘንባባ እኮ ሴት ናት ዙስ። ሴት ከሴት ጋር አትስማማም። ጠብታ አትሰጥሽም።»

«ከእናትህ ጋር በአንድ ማጀት ኖሬ ተስማምቻለሁ። ከእሷ የባሰች ዛፍ ደግሞ አልተፈጠረችም።»

ዮፒ ከተኛበት ሊስቅ ብሎ ዳሌውን ያዘ።

ነገሩ ኦፓ ዌሌም ዘንድ ሄደ። ሁሉም ኦፓ፣ አያት፣ የሚሏቸው የዘመዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም፣ ቸኩለውም አያውቁም። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰሙና «እስከ ምስጋና በዓል» አሉ። «እስከዚያ ውሃ ካወረደች ዘንባባዋ የአልቼ ናት። ካላወረደች ፍሬትስ ይያዛት። በሉ አሁን ሂዱ፣ እንቅልፌ መጥቷል።»

አልቼ በማግስቱ የባሏን ሱሪ በገመድ ታጥቃ ገደሉ አፋፍ ላይ ተገኘች። መንደሩም ተገኘ። ግማሹ ሊስቅ፣ ግማሹ ከወደቀች ሊያነሳት ነው የመጣው። መሰላሉ አንድ ረጅም ቀርከሃ ነው፤ በጎኑ የእግር ጣት ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቶለታል። መሃል ላይ ስትደርስ ቁልቁል አየች። ፈራች። እዚያው ግንዱን እንዳቀፈች ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ያስተኛሻል?» ጮኸ ዮፒ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ምርኩዙን ወደ ላይ ቀስሯል። «ውጪ ወይ ውረጂ! የሰው መሰላል ይዘሽ አትቁሚ!»

ንዴት ከፍርሃት ይሻላል። አልቼ ወጣች።

የዘንባባ ክንድ ዝም ብሎ ተቆርጦ አይፈስም። አስቀድሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት፣ ከዚያ ይዞ መወዝወዝ፣ ማሳረፍ፣ ደግሞ መምታት ነው፤ ለሳምንታት። የበረቱበት ክንድ ውስጡ ይጠቁራል፤ የላሉበት ደግሞ ተኝቶ ይቀራል። አልቼ መጀመሪያ ላይ የምታውቀው ምት የልብስ አጠባ ምት ብቻ ነበር።

«ቀስ!» ይላል ዮፒ ከታች። «ልጅ ነው የምታስተኚው እንጂ ሌባ አልያዝሽም!»

«አንተ ስትወጣ እኔ ከታች ሆኜ ጮሄብህ አውቃለሁ?»

«ሁልጊዜ!»

«እሺ፣ ሁልጊዜ። አሁንስ እንዴት ነው?»

«አሁን ደህና ነው። ግራውን ጎን ረስተሻል። ወዝውዣት… እንደሱ።»

እንዲህ እየተሰዳደቡ እጇ ለመደ። ዮፒም ቀስ በቀስ ፊቱ ተመለሰ፤ የሚያዘው ሰው ማግኘቱ ከሐኪሙ መድኃኒት በላይ ሠራለት። አልቼ ይህን ታይ ነበር፤ አንዳንዴ የምታውቀውን ነገር ሆን ብላ ታበላሽለታለች።

ከሁሉ የሚከብደው መቼ እንደሚቆረጥ ማወቁ ነው። ሰው ቀድሞ ከቆረጠ ክንዱ ይደርቃል፤ ከዘገየ አበባው ይረግፍና ውሃው ያልፋል። በሊንካዋ ይህን የሚወስነው ሰው አይደለም። ወጪው ይመታል፣ ይወዘውዛል፣ ከዚያ ጥርኝን ይጠብቃል። ክንዱ ጣፋጭ መያዙን ከሰው ቀድማ የምታውቅ እሷ ናት። ሲያመሽ ትወጣና የተመታውን ቦታ ትልሳለች፣ የጥፍሯንም ምልክት ትታ ትወርዳለች። ጭረቱ በታየ ማግስት ቢላዋ ይሳላል፤ ከአባት ከአያት የመጣ ሥራ ነው።

በዚያ ገደል የቀረችው ጥርኝ አንዲት ነበረች ማለት ይቻላል። ቡናማ ናት፤ ረጅም ጭራዋ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀለበት ተደርድሯል፤ አካሄዷም ገበያ ገዝታ እንደጨረሰች ሴት የረጋ ነው። አልቼ «እሜቴ» ትላታለች። የቀሩት በየዓመቱ በፍሬትስ ወጥመድ ውስጥ ገብተዋል። በምስጋና በዓል የመንደሩ በር ሁሉ ክፍት ነው፤ የሚያውቁትም የማያውቁትም እንግዳ ይገባና ይበላል። ታዲያ ማዕዱ ላይ በጎረቤት ቤት የማይገኝ የዱር ሥጋ ያቀረበ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይወራለታል። የሌሊት ወፍና የጫካ አይጥ ሁሉም ቤት አለ። ጥርኝ ግን የፍሬትስ ቤት ነው የሚበላው፤ በዚህ ይታወቃል፣ በዚህም ይኮራል። በእሱ በኩል ባለው የገደሉ ወገን ዘንባባ አርጅቶ ሲሞት አዲስ የሚተካ ከጠፋ ቆይቷል። ፍሬትስ «አፈሩ ደክሟል» ይላል።

በዓሉ እየቀረበ ሄደ፤ የጥርኟ ጭረት ግን አልታየም። ፍሬትስ በየጠዋቱ ብቅ እያለ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

«ዙስ፣ አልነገርኩሽም? ኮርታብሻለች እኮ።»

«አንገትህ እንደተጣመመ እንዳይቀር፣ ሂድ።»

ዮፒ ራሱ ተሸበረ። «ቁረጪው» አላት አንድ ጠዋት። «ቀኑ ሊያልቅ ነው። ከደረቀም ይድረቅ፣ ሞክረናል ይባላል።»

«እሜቴ ገና አልመጣችም።»

«ባትመጣስ?»

«ትመጣለች። እኔ የመታሁትን ሳትቀምስማ አትቀርም።» አፏ እንዲህ ይላል እንጂ እሷም ትጠራጠር ነበር። ማታ ማታ በር ላይ ቁጭ ብላ ገደሉን እያየች ጥፍሯን ትበላለች።

አንድ ማለዳ ወጥታ ክንዱን ስትዳብስ ጣቷ ሻካራ ነገር ነካ። ቀጫጭን ጭረት፣ ጎን ለጎን፣ ቅርፊቱም በምላስ ረጥቦ ያብለጨልጫል። አልቼ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና የጮኸችው ጩኸት የመንደሩን ውሻ ሁሉ አስነሳ። በማግስቱ ቆረጠች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ የተቆረጠው አፍ ላይ አንድ ጠብታ ወዛ፣ ወፈረ፣ ወደቀ፤ ሌላ ተከተለ።

«ዮፒ! እያለቀሰች ነው! ዛፏ እያለቀሰች ነው!»

አልቼም አለቀሰች፤ ሳቋ ስለበለጠ ግን ማንም አላወቀባትም።

የመጀመሪያው ቱቦ በኦፓ ዌሌም ደጅ ተቀዳ። ፍሬትስ ቀምሶ ከንፈሩን አጣመመ። «ቀጭን ነው» አለ። ኦፓ ዌሌም ጠጥተው ጨረሱና ብርጭቋቸውን ዘረጉ። «እስቲ ከቀጭኑ ድገሙኝ። ዘንባባዋ የአልቼ ናት፤ በቃ።»

እስከዚህ ድረስ ያለውን የሊንካዋ ሰው ሁሉ በደስታ ያወራዋል። ቀጥሎ ያለውን ሲያወሩ ነው ድምፃቸው የሚለያየው።

በበዓሉ ዋዜማ አልቼ ትኩስ ስኳር በቅጠል ጠቅልላ ወደ ፍሬትስ ቤት ሄደች። ተጣልተውም ቢሆን በበዓል ስኳር ለዘመድ ይላካል። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ በቀርከሃ ቱቦ ውስጥ የተሞላ ሩዝ እሳት ላይ ያንከባልላሉ፣ ወንዶቹ አሳማ ያቃጥላሉ። በእንጨት ቋሚ ላይ ከተሠራው ማጀት ወለል ሥር፣ በጥላው ውስጥ፣ እንስሳ የሚታሰርበት ትንሽ የቀርከሃ ጎጆ አየች። ውስጡ እሜቴ ተቀምጣለች። አትጮህም፣ አትንቆራጠጥም፤ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ጥግ ይዛለች። አልቼ ተንበርክካ አየቻት። ጡቷ አብጦ ሆዷ ላይ ያለው ጠጉር በወተት ተጣብቋል። አንድ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቋት ግልገሎች አሉ ማለት ነው።

«አየሻት?» ፍሬትስ ከኋላዋ መጣ፤ ሳቁ ጆሮውን ነክቷል። «ለነገ ናት። ከቶሞሆን ከተማ ድረስ እንግዳ ይመጣብኛል።»

«ፍሬትስ፣ ይቺን ልቀቃት።»

«ምን?»

«እያጠባች ነው። በዚህ ገደል የቀረችውም እሷ ብቻ ናት። አሳማዬን ውሰድና እሷን ስጠኝ።»

«አሳማማ ሁሉም ቤት አለ ዙስ። ጥርኝ ያለው እኔ ቤት ነው።»

«አሳማውንም፣ ዶሮዎቹንም ውሰድ።»

ሰዉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። ፍሬትስ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። እጁን አጣምሮ «እንዲያ ከወደድሻትማ» አለ፣ ለተሰበሰበው እየጠቀሰ፣ «ዘንባባዋን ስጪኝና ውሰጃት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አልቼ ግን አልሳቀችም። ጉልበቷ መሬት ላይ እንዳለ ቆየች። ድስቷን አሰበች፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ዮፒን አሰበች፣ እነዚያን ሁሉ ሳምንታት አሰበች። ያንን መሰላል መጀመሪያ ቀን ስትወጣ እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ከዚያ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

«ኦፓ ዌሌምን ጥሩልኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ኦፓ ዌሌም በሰው ተደግፈው መጡ፤ ነገሩን ሁለቴ አስደገሙ።

«አልቼ፣ ልጄ፣ ጠጥተሻል?»

«ዛሬ ጠብታ አልቀመስኩም ኦፓ።»

«ውሃ የምታወርድ ዘንባባ በጥርኝ?»

«ዘንባባዋ ጥቂት ዓመት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ሌላ ማን ይተክልልኛል? ፍሬትስ? እጁን ሲያሳክከው አይቻለሁ። እርስዎ? ዳዊት ሲደግሙ እንኳ ይተኛሉ። እኔና ዮፒ ገና ብዙ እንኖራለን፤ ለነገዬ የምትሠራልኝ እሷ ናት። እሱ ዛፏን ይውሰድ፤ እኔ ተካይዋን እወስዳለሁ።»

ኦፓ ዌሌም ወደ ፍሬትስ ዞሩ። «አንተስ? ያልከው ቃል ነው ወይስ ቀልድ?»

ፍሬትስ ሰውን ቃኘ፤ ወደኋላ ቢል ቃሉን አጣፊ ሊባል፣ ቢቀበል ዘንባባ ሊያገኝ ነው። «ቃል ነው» አለ።

አልቼ የእሜቴን ጎጆ በራሷ ላይ ተሸክማ እስከ ገደሉ ወረደች። እሜቴ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ጣቷን ነከሰቻት። በሩን ስትከፍትላት ጥርኟ ዞር ብላም አላየቻት፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብታ ጠፋች። «ምንም አይደል» አለች አልቼ ጣቷን እየመጠጠች።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ዮፒ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ቁጣ ጠበቀች፤ መልሷንም አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ምርኩዙን ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ታጠባ ነበር?» አለ።

«ታጠባ ነበር።»

«እንግዲያው ደህና አድርገሻል።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ድምፄ እስኪዘጋ ነው ያስተማርኩሽ» አለ። አልቼ አጠገቡ ተቀመጠች። ያን ምሽት የተጣላም የሳቀም አልነበረም።

የተከተሉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም፤ ቀላል ነበሩ የሚል ካለ ይዋሻል። አልቼ የሰው ቅርንፉድ ለቀመች፣ የሰው ድስት አማሰለች፣ በራሷ መንደር የቀን ሠራተኛ ሆነች። ዮፒ ተቀምጦ ቅርጫት መሥራት ጀመረ፤ ቅርጫቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነበር፣ ሰው ግን አዝኖለት ይገዛዋል። ፍሬትስ ሙሉ ቱቦ ተሸክሞ በደጃቸው ሲያልፍ ዝም ማለት አይችልም።

«ዙስ፣ ጥርኝሽ ዛሬ ስንት ስኳር አወጣች?»

«ገና እየዘራች ነው። አንተ እሱን ብላ።»

«በልቼ በልቼ ጠገብኩ!»

«ሆድህን አይቼዋለሁ።»

እውነትም እየዘራች ነበር። አልቼ ቅርንፉድ ለቀማ ስትሄድና ስትመለስ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። በወደቀ ግንድ ላይ፣ በቋጥኝ አናት ላይ፣ ሰው አስቦ የማይተክልበት ቦታ ሁሉ ቡቃያው ተጠጋግቶ ይወጣል። አንዱማ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽንት ቤት ጀርባ በቅሎ ቄሱን አስገርሟል። አልቼ ባየችው ቁጥር ትንበረከካለች፣ ከተጠጋጉት ደህናውን ታስቀራለች፣ ሥሩን ትመነጥራለች። ሥሩን የመነጠረ ሰው ዛፉ የእሱ ነው፤ ደንቡን ያወጣችው እሷ አይደለችም። መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። ቡቃያው ከጉልበት ሲያልፍ ሳቁ ቀነሰ፤ ከቤት ጣሪያ ሲያልፍ ጨርሶ ቀረ።

የጥርኟ ግልገሎችም አድገው ወለዱ። ኦፓ ዌሌም ሳይሞቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ አስወሰኑ፤ በዘመዱ መሬት ላይ ለጥርኝ ወጥመድ እንዳይጠመድ። ፍሬትስ አጉረመረመ፣ ግን ሽቦውን ጠቀለለ። ዘንባባዋ ቤቱን ሞልታለት ስለነበር ያን ያህል አልተከራከረም።

ከዚያ ያቺ ዘንባባ የታችኛውን ክንዷን ጨረሰች። ፍሬትስ ዙሪያውን ቢያይ በእሱ ወገን የሚመታ ክንድ የለም። በአልቼ በኩል ግን ገደሉ በዘንባባ ተሸፍኗል፤ እሷም ጸጉሯ ሸብቶ አሁንም በባሏ ሱሪ መሰላሉ ላይ ናት። ፍሬትስ መዶሻውን ይዞ መጣ። ዛፉ ሥር ቆመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

«ዙስ…»

«አውቃለሁ» አለችው ከላይ። «ገደሉ ሥር ወንዙ ዳር ያሉትን ሁለቱን ዘንባባዎች ያዝ። እኔ እዚያ ድረስ መውረድ ሰልችቶኛል።» ወንዙ ዳር ያሉት ከሁሉ የተሻሉት ነበሩ። ሁለቱም ያውቃሉ።

ዮፒ ማታ «ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ?» ብሎ ተቆጣ። «ወንድምህ ነው» አለችው፤ «የሚያደርገውን እናያለን።»

አንድ ከሰዓት በኋላ አልቼ ድስቷ ላይ ጎንበስ ብላ ስታማስል ከገደሉ በኩል ጩኸት ሰማች።

«ዙስ! ዙስ አልቼ! ውሃ! ጨርቅ!»

ፍሬትስ ነው። ያለ ሸሚዝ፣ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ዳገቱን ይሮጣል፤ በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። ሸሚዙን ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል፣ ክንዱ እስከ ክርኑ በደም ተለውሷል። አልቼ ማማሰያውን ጣለች።

«ምን ሆንክ? ወደቅህ?»

«ወጥመድ! ከታችኛው መንገድ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በእኛ መሬት ላይ! ሽቦውን በጥሼ አወጣኋት። እግሯን እዪልኝ ዙስ፣ እግሯን።»

ሸሚዙ ውስጥ ጭራው የተቀለበተ ጥርኝ አለ፤ ወጣት ሴት። የኋላ እግሯን ሽቦ በልቶታል። ጥርሷን በፍሬትስ መዳፍ ውስጥ ቀብራ አልለቅም ብላለች፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ወርዶ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«እየበላችህ እኮ ነው! አምጣ፣ እኔ ልያዛት።»

«አይሆንም፣ ከለቀቅኳት በተሰበረው እግሯ ትሮጣለች። ትንከሰኝ። አጥንቱ ተሰብሯል? ትድናለች?»

አልቼ ቁስሉን በለብታ ውሃ አጠበች። አጥንቱ ደህና ነው፤ ሥጋው ነው የተቆረጠው። እጇ ሲሠራ ዓይኗ ግን ፍሬትስ ላይ ነበር። ላቡና እንባው ተደባልቋል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ መዳፉን ግን ከእንስሳዋ አፍ ለማውጣት አንዴም አልሞከረም። በዚያ ዋዜማ ጉልበቷ መሬት ላይ ሆኖ የፈራችው ፍርሃት ስንት ዓመት ሆዷ ውስጥ እንደኖረ ያወቀችው አሁን፣ ሲለቃት ነው።

«ፍሬትስ።»

«እ?»

«በእሜቴ የለወጥኩትን ዘንባባ ዛሬ መለስክልኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ገብቶታል፤ ዓይኑን ወደ ጥርኟ መለሰ።

«ዝም በይና እግሯን እሰሪ» አላት።